ድርቆሹም ውሃውም በአንድ ፒካፕ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። አሥራ ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ፤ አሁን ሰባቱ ይታለባሉ። ከአስፋልቱ እስከ ግቢዬ ሦስት ኪሎ ሜትር ጥቁር አፈር ነው። ውሃ የማመጣው በአህያ ጋሪ ነው፤ ሰልችቶኛል። ድርቆሽም እሸጣለሁ። በየሳምንቱ በኪራይ አይሱዙ እንጦጦን አቋርጦ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ኪራዩ ትርፌን እየበላው ነው። ስለዚህ አንድ ፎር ዊል ፒካፕ ገዝቼ ተሳቢ ልቀጥልበት አስቤያለሁ። ልጄ 2,000 ሊትር ሮቶ የሚሸከም ተሳቢ አስበይዳለሁ ይላል። ደላላው ሦስት መኪና አሳይቶናል። አንዱ አሮጌ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፤ 3,000 ሲሲ፣ ቱርቦ የለውም። ሁለተኛው ዲማክስ ነጠላ ጋቢና፣ 2,500 ሲሲ፣ ቱርቦ አለው። ሦስተኛው ላንድክሩዘር ፒካፕ፣ 4,200 ሲሲ። የባለቤቴ ወንድም «ላንድክሩዘር ካልሆነ እንዳትገዢ» ይላል። ልጄ ደግሞ ልቡ ሃይሉክሱ ላይ ነው። የቱን ልግዛ?
የላሞቹ እመቤት፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ እህቴ፣ እርስዎም ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ሦስቱን መኪኖች በደንብ ዘርዝረውልኛል። ስለ ተሳቢው የነገሩኝ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። መኪናውን ወር ሙሉ ሲያማርጥ ይከርምና ተሳቢውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያስበይዳል። እኔ ከተሳቢው ልጀምር፤ መኪናው ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 2,000 ሊትር ማለት 20 ኩንታል። ሮቶው፣ ብረቱ፣ አክስሉና ጎማው ሌላ ስድስት ኩንታል ቢሆን ድምሩ 26 ደረሰ። ልጅዎ የወደደው ሃይሉክስ ባዶውን 18 ኩንታል ገደማ ነው የሚመዝነው። ተሳቢው ከጎታቹ በለጠ ማለት ነው። እርስዎ ጋሪ ያውቃሉ። ጭነት የበዛበት ጋሪ ቁልቁለት ላይ አህያዋን ከኋላ እየገፋ ሲያስሮጣት አይተው ይሆናል። ይህም ያው ነው፤ ልዩነቱ አህያዋ መሪ ያላት መሆኑ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፋብሪካዎቹ ለአንድ ፒካፕ ሁለት የመጎተት ቁጥር ነው የሚሰጡት። አንዱ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው፣ ሌላው ፍሬን ለሌለው። ፍሬን ለሌለው አብዛኛው ፒካፕ የተፈቀደለት 750 ኪሎ ነው። ሰባት ኩንታል ተኩል፣ ተሳቢው ራሱ ተመዝኖ! ትልቁ ቁጥር ፍሬን ያለው ተሳቢ ሲቀጠል ነው። የላንድክሩዘር ፒካፕ ሞዴል የሆነው 79 እስከ 3,500 ኪሎ ይባላል። አዲሶቹ ሃይሉክስና ዲማክስም በአንዳንድ ሞዴላቸው እዚያ ይደርሳሉ። አሮጌዎቹ ከዚያ በብዙ ያንሳሉ። ደላላ «ሦስት ቶን ተኩል ይጎትታል እኮ!» ሲልዎት «ፍሬን ካለው» የምትለዋን ዘሏት ነው። ልጅዎ ሊያስበይድ ያሰበው ተሳቢ ደግሞ ፍሬን ያለው አይመስለኝም። ሰፈር ውስጥ የሚበየዱት አብዛኞቹ የላቸውም። አክስሉ ከሶማሌ ተራ ይመጣል፣ ጎማው ከጎሚስታው፣ ቀለም ይቀባል፣ አለቀ።

ለምን ፍሬን ፍሬን እንደምል ልንገርዎት። ነገሩን የተማርኩት እዚያው እርስዎ መንገድ ላይ ነው። ሃያ ዓመት አልፎታል። ለአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ፒካፕ እነዳ ነበር። አንድ ቀን ከጫንጮ ወዲያ ኮምፕረሰር ቀጥዬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ኮምፕረሰሩ 13 ኩንታል ገደማ ነው። የራሱ ፍሬን ነበረው፤ ግን ገመዱ ተበጥሶ በሽቦ ታስሯል። «ለዛሬ ብቻ ነው» ተባልኩ። ሽቅቡን እያጓራም ቢሆን ወጣ። እንጦጦን ተሻግሬ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ስል በአራተኛ ማርሽ ለቀቅኩት። ወጣት ነበርኩ። ፍሬን እየነካካሁ እወርዳለሁ። ባሕር ዛፉ መሃል ስንደርስ አንድ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ፀጉር ይመስላል። ረዳቴ «የሆነ ቤት የበግ እግር እየለበለቡ ነው» አለኝ። ወዲያው ፔዳሉ ለሰለሰ። ሁለተኛ ስረግጠው ወለል ድረስ ወረደ። የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል።

ከፊታችን እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ዳር ይዘው ይወርዳሉ። ሦስተኛ አስገባሁ፤ ሞተሩ ጮኸ። ሁለተኛ እምቢ አለ፤ በግድ አስገባሁት። የእጅ ፍሬን ሳብኩ። ትንሽ በረድ ሲል የዳሩን አፈር አስያዝኩት። ረዳቴ ገና ሳንቆም ዘሎ ወርዶ ታኮ አደረገ። ከዚያ የፊት ጎማውን ቸርኬ እያየ ምራቁን እንትፍ አለበት። እንደ ጋለ ምጣድ ጮኸ። ሁለታችንም ሳቅን። የሳቅነው ግን ከደስታ አይደለም።

ያ መኪና ጉልበት አልጎደለውም። ሽቅቡን ወጥቷል። ያቃተው መቆም ነው። አሁን የእርስዎን ሥራ ይመልከቱ። ድርቆሹ የሚጫነው ሱሉልታ ነው፤ የሚራገፈው አዲስ አበባ። ከሱሉልታ ሜዳ እስከ እንጦጦ አናት ያለው ሽቅብ አጭር ነው። ረጅሙ ቁልቁለት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ጭነቱም አብሮዎት ነው። ሲመለሱ ሽቅቡን የሚወጡት ባዶዎን ነው። የባለቤትዎ ወንድም «ጉልበት ጉልበት» የሚለው የተገላቢጦሹን መንገድ አስቦ ይመስለኛል።

ስለ ድርቆሹ ክብደት ብዙ አይጨነቁ። አንድ እስር 15 ኪሎ ቢሆን 60 እስር 9 ኩንታል ነው። ተሳቢው አምስት ኩንታል ቢመዝን 14። ፍሬን ላለው ተሳቢ ይህ ምንም አይደለም። ፍሬን ለሌለው ግን ከልኩ እጥፍ ሊሆን ነው። የድርቆሽ ችግሩ ቁመቱ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ነፋሱን ያውቁታል። ከፍ ተደርጎ የተጫነ ድርቆሽ ሸራ ማለት ነው፤ ነፋስ ከጎን ሲገፋው ተሳቢው ከነመኪናው ይወዛወዛል። ከጋቢናው ጣሪያ ብዙም ከፍ አያድርጉት። በሁለት ዙር ቢሄድ ይሻላል።

የተሳቢ ፍሬን ሲባል የተወሳሰበ ነገር አይምሰልዎት። ቀላሉ ዓይነት በራሱ ግፊት ይሠራል። መኪናው ሲቀዘቅዝ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፤ ምላሱ (ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የፊት ብረት) ላይ ያለችው ተንሸራታች ትገባና ዘንጉን ትስባለች፤ ዘንጉ የተሳቢውን ጎማዎች ያስይዛል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ተሳቢ ከነፍሬኑ ካገኙ፣ ከማስበየድ ያንን ይግዙ። የግድ ማስበየድ ካለብዎት ደግሞ አክስሉን ፍሬኑ ካልተነቀለ መኪና ላይ ይፈልጉ። በያጁ «አያስፈልግም፣ ስንት ሰው ሠርቼለታለሁ» ቢልዎት ሌላ በያጅ ይፈልጉ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። እዚህ ላይ ምናልባት ያልጠበቁትን ነው የምነግርዎት።

ፎር ዊል የፈለጉት ለዚያ ሦስት ኪሎ ሜትር ጭቃ ነው። ትክክል ነዎት፤ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ መኪና ይውጣል። ግን አንድ ነገር ላስታውስዎት። ፎር ዊል የሚነዳው የመኪናውን አራት ጎማ ነው፤ የተሳቢውን አይደለም። ተሳቢው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ማረሻ ነው የሚሆነው። 26 ኩንታል ማረሻ። በሐምሌ ያንን የሚያወጣ ፒካፕ አላየሁም። ትራክተር አይቻለሁ።

መንገዱ የሚበላሸው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚሁ ወራት ውሃው ከሰማይ እርስዎ ጣሪያ ላይ እየወረደ ነው! ጋጣውና ቤቱ አንድ ላይ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ቢኖራቸው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ሊትር ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ እናንተ ደግሞ ተራራው ማዶ ናችሁ። 20,000 ሊትር በወር፤ የሚፈሰውና የሚባክነው ቢቀነስም በቀን አምስት ስድስት መቶ ሊትር ይቀራል። አንዲት የምትታለብ የፈረንጅ ላም በቀን ከ60 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች፤ ክረምት ላይ ግን ሣሩ ራሱ ውሃ ስለሆነ ከገንዳው የምትጠጣው ይቀንሳል። ስለዚህ ለተሳቢው ካሰቡት ገንዘብ ላይ ቀንሰው ደህና አሸንዳ ያሠሩ። ያንን ሮቶም ከአሸንዳው ሥር ያስቀምጡት። ጋጣው ሰፊ ከሆነ ሁለተኛ ሮቶ ይጨምሩ።

ተሳቢው የሚያስፈልግዎ እንግዲህ በበጋ ነው። በበጋ ያ አፈር ደርቆ ይሰነጠቃል እንጂ አያሰምጥም። ተሳቢውን ለ1,000 ሊትር ያሠሩት። ከነብረቱ 15 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ሁለቴ መመላለስ ይኖራል፤ ናፍጣውን አውቃለሁ። ግን 2,000 ሊትሩ የሚጠይቀው መኪና ደላላው ካሳየዎት ሦስቱ ውስጥ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የሚከብደው ሥራ ነው። እና ሮቶውን ሞልተው ወይም ባዶውን ይጎትቱት። ግማሽ የተሞላ ሮቶ ውስጥ ውሃው ወዲያ ወዲህ ይመታል። ፍሬን ሲይዙ ከቆሙ በኋላም ከጀርባ የሚገፋዎት እሱ ነው።

ከመኪኖቹ በፊት ስለ ከፍታው ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ያልፋል። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። እናንተ ጋ ሩቡን ተሰናብቶ ነው የሚሠራው። ቱርቦ ያለው አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይጎዳም። የጂቡቲ ሾፌር የሚያወራው የጉልበት ወሬ ሱሉልታ ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ሃይሉክሱ። ልጅዎን አውቀዋለሁ፤ እኔም በሱ ዕድሜ እንደሱ ነበርኩ። ያ አሮጌ 3,000 ሲሲ ሞተር አይሞትም። ማንኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። መለዋወጫው ሞልቷል። ግን በወረቀት ላይ 90 ምናምን ፈረስ ጉልበት ነው፤ እናንተ ጋ ሲደርስ 70 ምናምን ይሆናል። መኪናው ቀላል ነው፤ ተሳቢው ሲገፋው ይገፋል። ደብል ጋቢና ስለሆነም ስፖንዳው፣ የኋላ መጫኛው፣ አጭር ነው፤ ድርቆሽ አይበቃውም። ቤተሰብ ለማመላለስ ቢሆን ይግዙት እል ነበር። ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ላንድክሩዘሩ። የባለቤትዎ ወንድም አልተሳሳተም። ከባድ ነው፣ ሻንሲው ወፍራም ነው፣ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ቅጠል) የጭነት መኪና ይመስላል። 4,200 ሲሲ ሞተሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራው 1ኤችዜድ የሚባለው ከሆነ፣ ቱርቦ የለውም። ስለዚህ 130 ገደማ ፈረስ ጉልበቱ እናንተ ጋ መቶ አይሞላም። ግን ዝቅ ባለ ዙር ጭኖ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ትልቅ ሞተር ስለሆነ በሁለተኛ ማርሽ ሲያስይዙት እንደ ወጌሻ አጥብቆ ይይዛል። እዚህ ላይ ዲማክሱ አይደርስበትም። ታዲያ ለምን ወዲያው «ይግዙት» አላልኩም? አንደኛ ዋጋው፤ በዚያ ልዩነት ተሳቢ ከነፍሬኑ፣ አሸንዳና ሁለት ጊደር ይገዛል። ሁለተኛ ናፍጣው። ሦስተኛ ደግሞ ገበያ ላይ ያለው ላንድክሩዘር ብዙ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያወጣው ነው፤ ከዚያ በፊት አሥር ሾፌር ነድቶታል፤ የማንም ልጅ አልነበረም። አንድ ምክር፦ ሻጩ «ቱርቦ አስገጥሜበታለሁ» ካለዎት ጥለውት ይሂዱ። ያ ሞተር ለቱርቦ አልተሠራም። ሲሞቅ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ይሰነጠቃል።

ዲማክሱ። ከሦስቱ ትንሹ ሞተር ያለው እሱ ነው፤ እናንተ ጋ ሽቅብ ሲወጣ ግን ሁለቱንም ያስከነዳል፤ ቱርቦው ነው። ነጠላ ጋቢና ስለሆነ ስፖንዳው ረጅም ነው። ላንድክሩዘሩን ያህል ከባድ አይደለም፤ ሞተሩም ቁልቁለት ላይ ያን ያህል አይይዝም። ለዚህ ነው ፍሬን ያለው ተሳቢ ላይ ሙጭጭ ያልኩት። ተሳቢው ራሱን ካስቆመ፣ ዲማክሱ ለ15 ኩንታል በቂ ነው። እኔ ብሆን እሱን ነበር የምገዛው። ተሳቢውን ያለ ፍሬን እሠራለሁ ካሉ ግን የትኛውንም አይግዙ፤ ከአይሱዙው ጋር ይቀጥሉ። ኪራዩ ቢያናድድም ቁልቁለቱ የእሱ ጣጣ ነው።

ደላላው ጋ ሲሄዱ ልጅዎንና አንድ መካኒክ ይዘው ይሂዱ። መካኒኩን ደላላው አይምረጥልዎ። ጠዋት ይሂዱ፤ ሞተሩ ሳይሞቅ። ኮፋኖውን ሲከፍቱ እጅዎን ያሳርፉበት፤ ሞቆ ከጠበቀዎት ማለዳ ሲያስነሱት ታግለውታል ማለት ነው። ከተነሳ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ያስከፍቱ። ከዚያ ቀዳዳ ጭስ እንደ ሲጋራ እየተነፈሰ ከሆነ ሞተሩ ደክሟል። ፍሪሲዮኑን ለማየት የእጅ ፍሬን ይሳብ፤ ሦስተኛ ማርሽ ይግባ፤ ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ይለቀቅ። ሞተሩ ወዲያው ቢጠፋ ደህና ነው። እያጓራ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ተሳቢ የሚጎትት መኪና መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው።

ከዚያ ልጅዎ ከሥር ይግባ። የኋላውን የሻንሲ ጫፍ፣ ፓራውልቱ (የኋላ መከላከያው) የሚታሰርበትን ቦታ ባትሪ ይዞ ይመልከት። አዲስ ጥቁር ቀለም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ካለ ለምን እንደተቀባ ይጠይቅ። ትርፍ ቀዳዳ፣ የብየዳ ጠባሳ ወይም ትንሽ ወደ ታች የጎበጠ ብረት ካለ መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲጎትት ኖሯል። በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ ይምታው። ደህና ብረት ይጮኻል። ዝገት የበላው ድምፁ እንደ ካርቶን ነው።

ፎር ዊሉንም ይሞክሩት። ብዙ ባለመኪና ዓመት ሙሉ ሳይነካው ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ደርቆ ይገኛል። አሮጌ ሞዴል ከሆነ የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ በእጅ የምትዞር ሎክ አለች። መዞር አለባት። ከዚያ አፈር ላይ ፎር ሃይ (የተለመደውን ፎር ዊል) አስገብተው፣ ቀጥሎ ቆመው ፎር ሎው (የዝግታና የጉልበቱን) አስገብተው ይንዱት። አስፋልት ላይ እንዳይሞክሩት። በእነዚህ መኪኖች ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፉ ጎማው መንሸራተት ስለማይችል ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ይታነቃሉ። ስለዚህ የእንጦጦን ቁልቁለት «በፎር ዊል እወርዳለሁ» የሚል ሰው ካለ ይከልክሉት። ፎር ሎው ቦታው የእርስዎ ኮረኮንች ነው። ውሃ የሞላ ተሳቢ ከቆመበት ሲነሳ፣ ፍሪሲዮን ሳይቃጠል እንደ በሬ ቀስ ብሎ ያወጣዋል።

የመጎተቻ መንጠቆው ሻንሲው ላይ በብሎን ይታሰር፤ ፓራውልት ላይ በፍጹም እንዳይበየድ። ሰንሰለት ይኑረው፤ መንጠቆው ቢያመልጥ ተሳቢው ተንከባሎ ሰው ቤት እንዳይገባ። የተሳቢው ፍሬቻና የፍሬን መብራት ከመኪናው ጋር ይገናኝ። ጭነት ሲጫን ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ያድላ፤ ከጠቅላላው ክብደት ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ምላሱ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ኋላ ከበዛ ጅራቱ መወዛወዝ ይጀምራል። ከጀመረ ልጅዎ ፍሬን እንዳይረግጥ፤ ነዳጁን ለቆ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ አለው። በያጁ ብረት ከመቁረጡ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሄደው መጠኑንና የሚጠየቀውን ይጠይቁ፤ የልጅዎን መንጃ ፈቃድ ይዘው ይሂዱና ተሳቢ መጎተት እንደሚፈቅድለት እዚያው ያሳዩት። ኢንሹራንሱ ላይ ተሳቢው በስሙ ይጻፍ። የመኪናውን ሊብሬ ሲያዩ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ደላላው ይቸኩላል። እርስዎ አይቸኩሉ።

የመጨረሻው ፈተና አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ስፖንዳው ላይ ስምንት ኩንታል ፉርሽካ ይጫኑ፤ ለላሞቹ መግዛትዎ አይቀርም። ከአዲሱ ገበያ እስከ እንጦጦ አናት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ያስወጡት። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል ሳይነቃነቅ ከወጣ ራዲያተሩ ደህና ነው። አናቱ ላይ አዙረው በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርገው እየያዙ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እየለቀቁ። ታች ሲደርሱ ከመኪናው ወርደው አራቱን ጎማዎች ይዙሯቸውና ያሽትቱ። የባለቤትዎን ወንድምም ይዘውት ይሂዱ። ጋቢናው ጠባብ ነው ካለ፣ ፉርሽካው ላይ ይቀመጥ።